ውሻ ይዞ ጉዞ፦ መኪናው ሲቆም የትኛው ዘዴ ያስተማምናል?

«አምስት ደቂቃ ብቻ።» ውሻ ይዞ የሚጓዝ ሰው አንድ ቀን ይህን ማለቱ አይቀርም። እኔም ብያለሁ።

ነብሮ የሚባል ውሻ አለኝ። ረጅም መንገድ ስወጣ አብሮኝ ነው። አንድ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ መኪናዬን ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኩ። መስኮቶቹን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ውሃ ልገዛ ገባሁ። ወረፋ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ የካርድ ማሽኑ እምቢ አለ። ስመለስ ጥላው መኪናውን ትቶ ሄዷል። ነብሮ ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ምላሱ እስከ ሥሩ ወጥቷል። በሩን ስከፍት ፊቴን የመታኝ አየር ዛሬም አይረሳኝም።

ደግነቱ ተረፈ። ውሃ ጠጣ፣ ነፋስ አገኘ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነሳ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ውሻውን በቆመ መኪና ውስጥ ከሙቀት ለመጠበቅ የሚጠቀምባቸውን ዘዴዎች ሳነብ፣ ስሞክር፣ ቴርሞሜትር ይዤ ስለካ ቆይቻለሁ። ብዙ ሰው የሚያማርጠው «የትኛው በደንብ ያቀዘቅዛል?» እያለ ነው። እኔ የደረስኩበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ዘዴ እኔ በሌለሁበት ቢከሽፍ፣ ውሻዬ ስንት ደቂቃ አለው? ከዚህ በታች የማወዳድረው ሁሉ በዚህች ጥያቄ ነው።

መኪናው ለምን እንዲህ ይግላል?

የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ሰተት ብሎ ይገባል። ዳሽቦርዱን፣ ወንበሩን፣ መሪውን ያግላል። የጋለው ዕቃ በተራው አየሩን ያሞቃል። ውጭ ቢሆን ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ተነስቶ ቀዝቀዝ ያለው በቦታው ይተካ ነበር። መኪና ውስጥ ግን መውጫ የለውም፤ እዚያው ይጠራቀማል።

እ.ኤ.አ. በ2005 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የለኩት የውጭው ሙቀት ከ22 እስከ 36 ዲግሪ ሴልሺየስ በነበረባቸው ቀናት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው የውስጥ ሙቀት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ጨመረ። ከጭማሪው 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። እንግዲህ አስቡት፤ «ዛሬ አየሩ እንዴት ደስ ይላል» በምንልበት የ22 ዲግሪ ቀን እንኳ ውስጡ ከ40 ያልፋል። መስኮቱን አራት ሴንቲሜትር ያህል መክፈት ደግሞ ለውጥ አላመጣም ማለት ይቻላል። እኔ ለነብሮ ያደረግኩለት እሱኑ ነበር።

የውሻ ሰውነት ደግሞ እንደኛ አይደለም። እኛ በመላ ቆዳችን እናልባለን። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ሥር ነው፤ እሱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዋና መከላከያው ማለክለክ ነው። ሲያለከልክ ከምላሱና ከመተንፈሻው የሚተነው እርጥበት ሙቀት ይዞ ይወጣል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን የራሱ ትንፋሽ አየሩን ያረጥበዋል። እርጥብ አየር ላይ ትነት ይቀንሳል። ስለዚህ ባለከለከ ቁጥር ጥቅሙ እያነሰ፣ ድካሙ እየበዛ ይሄዳል። የጤናማ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ41 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በመካከሉ ያለው ርቀት ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ጭራሽ አለመተው

ይህ ምርጫ ቢከሽፍም ውሻው መኪና ውስጥ የለም። ስለዚህ በእኔ መለኪያ ማንም አይደርስበትም።

ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ውሻውን ቤት ማስቀረት ነው። መንገዱ በሙሉ የገበያና የቢሮ ጉዳይ ከሆነ፣ በየቦታው መውረድና መግባት ካለ፣ ውሻው ቤቱ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተኝቶ ቢውል ይሻለዋል። «ብቻውን ሲቀር ያሳዝነኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይገባኛል። ነገር ግን በቆመ መኪና ውስጥ ሲጠብቅ መዋልም ብቻውን መሆን ነው።

ሁለተኛው ውሻውን ይዞ መውረድ ነው። ይህ የሚጠይቀው ከመነሳት በፊት ጥቂት ማሰብ ነው። ውሻ የሚያስገባ ማረፊያ የት አለ? ምግብ ከመኪና ሳይወርዱ የሚገዛበት ቦታ አለ? ዕቃው ቀድሞ ታዝዞ መኪናው ድረስ የሚመጣበት መንገድ አለ? ነዳጅ ማደያ ላይ እዚያው ማሽኑ ጋ መክፈል ይቻላል? ለመንገድ የሚያስፈልገውን ውሃና ምግብ ከቤት መያዝ ብቻውን ግማሹን ችግር ያስቀራል።

ውጭ አስሮ መግባትንስ? እኔ አልወደውም። ውሻ ይሰረቃል፣ ይደነግጣል፣ ማሰሪያውን በጥሶ መንገድ ላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ፀሐይ የመታው አስፋልት ከአየሩ እጅግ ይበልጥ ይግላል። የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ ለሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ፣ ለውሻውም መዳፍ አይሆንም።

ሰው አብሮት ሲቆይ

ሁለት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ባታነቡም ግድ የለም። አንዱ ይግባ፣ አንዱ ከውሻው ጋር ይቆይ። ከዚያ ተራ ይቀያየሩ። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሙቀቱ ለራሱም ይታወቀዋል። ኤሲው ቢጠፋ በር ይከፍታል። ጥላው ቢሸሽ መኪናውን ያዛውራል። ውሻው ማለክለኩን ቢያበዛ ያያል። የትኛውም መሣሪያ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አይሠራም።

ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። የሚቆየው ሰው አዋቂ ይሁን፤ ልጅን ከውሻ ጋር ትቶ መግባት አደጋውን ሁለት ማድረግ ነው። ቁልፉም እሱ ዘንድ ይቅር። ቁልፉን በኪሳችን ይዘን እንገባና ሰውየው መኪናውን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። እኛ ቤት ይህ ሁለት ጊዜ ደርሷል።

ሞተር፣ ሪሞት ወይስ ኤሌክትሪክ?

ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱም ኤሲው እየሠራ ውሻውን መተው ናቸው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

ከሁሉ የከፋው በሪሞት የሚነሳው ነው። ቁልፉን ተጭኖ ወይም በስልክ ሞተሩን አስነስቶ መሄድ ማለቴ ነው። ይህ ነገር የተሠራው ሰው ከመግባቱ በፊት መኪናውን ለማቀዝቀዝ ወይም ለማሞቅ ነው። ስለዚህ በብዙ መኪናዎች ላይ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። አጠፋፉ ድምፅ የለውም። እናንተ «ኤሲው እየሠራ ነው» ብላችሁ ተረጋግታችሁ ወረፋ ላይ ናችሁ፤ መኪናው ግን መሞቅ ከጀመረ ቆይቷል። ጨርሶ ኤሲ የሌለው መኪና ቢሆን እኮ ትቸኩሉ ነበር። የሚያሰጋኝ ይህ የሐሰት መረጋጋት ነው።

ሞተሩን በቁልፍ አስነስቶ መተው ከዚህ ይሻላል፤ ግን ብዙም አይደለም። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የኤሲው ኮምፕረሰርም አብሮ ይቀንሳል። በመንገድ ላይ ያገኘው የነበረውን ነፋስም አያገኝም። ስለዚህ እየነዳችሁ በረዶ የሚያስመስለው ኤሲ ሲቆም ለብ ያለ አየር ሊሰጥ ይችላል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ብዙ ሲሠራ ራዲያተሩ የሚግል አሮጌ መኪና ደግሞ ሞልቷል። ቁልፍ አልባ ከሆኑት አዳዲሶቹ መካከል ሹፌሩ ከራቀ ወይም ጊዜው ከረዘመ ሞተሩን ራሳቸው የሚያጠፉ አሉ። ውሻውስ? በመዳፉ የመስኮት ማዘዣውን ይረግጣል፣ የበር መቆለፊያውን ይጫናል፣ ማርሽ ይነካል። ይህ ሲደርስ የታየ ነገር ነው። አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አይደረግም፦ በተዘጋ ጋራዥ ወይም አየር በማይተላለፍበት ምድር ቤት ሞተር እየሠራ ውሻ መተው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከሙቀቱ ቀድሞ ይገድላል። በብዙ አገሮች ባዶ መኪና ሞተሩ እየሠራ መተውም በሕግ ያስቀጣል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 «ዶግ ሞድ» የሚለውን አሠራር አስተዋወቀ። ባለቤቱ ሲወርድ ኤሲው የተወሰነለትን ሙቀት ይዞ ይቀጥላል። ትልቁ ስክሪን ላይ ደግሞ የውስጡ ሙቀት ስንት እንደሆነና ባለቤቱ በቅርብ እንደሚመለስ የሚገልጽ ጽሑፍ ይታያል። ይህ ለአላፊ አግዳሚው ነው፤ ተጨንቆ መስታወት እንዳይሰብር። ባትሪው ከ20 በመቶ ሲወርድ ለባለቤቱ ስልክ መልእክት ይላካል። ሌላው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ሪቪያንም «ፔት ኮምፎርት» የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው። ሞተር የለም፣ ጭስ የለም፣ ኤሲው መኪናው ስለቆመ አይዳከምም። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ይህን እመርጣለሁ።

ግን ጥያቄዬን ልድገም፦ ቢከሽፍስ? መልእክቱ የሚደርሳችሁ ስልካችሁ ኔትወርክ ካገኘ ነው። ሕንፃ ውስጥ ሦስተኛ ምድር ቤት ከገባችሁ አይደርስም። ባትሪው 25 በመቶ ላይ እያለ ውሻ ትቶ መግባት ልክ አይደለም፤ እኔ ግማሽ ካልሞላ አልተውም። እንዲሁም ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ሁሉም መኪና አንድ ነው ማለት አይቻልም። ለሰው ተብሎ የተሠራ «ኤሲውን አታጥፋ» የሚል ማዘዣና ለእንስሳ ተብሎ የተሠራው ይለያያሉ። አንዱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይጠፋል፣ ሌላው አይጠፋም። ስለዚህ የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ። ከዚያ ውሻው ሳይኖር አንድ ሰዓት ሞክሩት። ራሳችሁ ውስጡ ቁጭ ብላችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

በዚህም ቢሆን ርቀትን መገደብ አለባችሁ። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ሮጬ በሁለት ደቂቃ መድረስ ከማልችልበት ቦታ አልሄድም። ሲኒማ አልገባም። ቁጭ ብዬ ምሳ አልበላም።

በር ከፍቶ ጥላ መሥራት

ይህን ዘዴ የተማርኩት የውሻ ውድድር ከሚያዘወትሩ ሰዎች ነው። እነሱ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ይውላሉ። ውሾቻቸው ተራቸው እስኪደርስ መኪና ውስጥ ያርፋሉ። ግን መኪናውን ዘግተው አይደለም። የኋላውንና የጎን በሮቹን ወለል አድርገው ይከፍታሉ። ውሻው በሽቦ ኬጅ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ወርዶ አይሄድም። በላዩ ላይ ብርሃን የሚመልስ፣ ብርማ ቀለም ያለው፣ እንደ መረብ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይዘረጋሉ። ጨርቁ ፀሐይዋን ይመልሳል፤ ነፋሱን ግን አያግደውም። እነሱም እዚያው አካባቢ ናቸው፤ በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያሉ ያያሉ።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ያደነቅኩት ይህን ነው። ምክንያቱም የሚበላሽ ነገር የለውም። ባትሪ የለ፣ ኮምፕረሰር የለ። ነፋሱ ቢያቆም እንኳ ሙቀቱ የሚመጣው ቀስ እያለ ነው፤ በሩ ክፍት ስለሆነ በድንገት አይጠራቀምም። ውሻው እስኪጎዳ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ እናንተም በዚያ ጊዜ ውስጥ ትደርሳላችሁ።

ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ መኪናውን ክፍት ትቶ መሄድ አይቻልም። ለዚህ የኋላውን በር ትንሽ ከፍቶ የሚቆልፍ የብረት መያዣ ይሸጣል። አየር ያስገባል፣ ሌባ ግን አያስገባም። ግን እሱ የሚረዳው ቀዝቀዝ ባለ ቀን፣ ጥላ ባለበትና ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጠባብ ክፍተት ምን ያህል እንደሚረዳ የ2005ቱን ጥናት አስታውሱ። ሁለተኛ፣ ይህ ዘዴ ከውጭው አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። ውጭው 35 ዲግሪ ከሆነ ውስጡም ቢያንስ 35 ነው።

ስለ ጥላ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ስለሆነ። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። መኪናችሁን ጥላ ውስጥ ስታቆሙ «አሁን ጥላ ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ከግማሽ ሰዓት በኋላ የት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሕንፃ ጥላ ከዛፍ ይሻላል፤ ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም። ጥላው ቢጸናም ተአምር አይሠራም። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ነበር። ውጭው ወደ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ቀናት፣ ፀሐይ ላይ የቆሙት መኪናዎች ውስጣቸው በአንድ ሰዓት በአማካይ 47 ዲግሪ ደረሰ፤ ዳሽቦርዱ 69። ጥላ ውስጥ የቆሙት ደግሞ ውስጣቸው 38፣ ዳሽቦርዱ 48 ሆነ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን 38 ዲግሪ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተዘግቶ የሚቆይ ውሻም አደጋ ላይ ነው። ጥላ ጊዜ ይሰጣል እንጂ አያድንም።

ፋን፣ ምንጣፍና ሰደርያ

እነዚህን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንባቸው ግን እነሱ ናቸው።

በባትሪ የሚሠራ ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። በሩ በተከፈተ መኪና ውስጥ፣ በተለይ ውሻው ረጠብ ካለ፣ በጣም ይረዳል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ያንኑ የጋለ አየር ያዞራል። ጄል ያለው ማቀዝቀዣ ምንጣፍ የውሻውን ሙቀት እየሳበ ይቆያል፤ ሲሞላ ያቆማል። የጋለ መኪና ውስጥ ከሆነ ራሱም ይሞቃል። ውሃ የሚነከረው ሰደርያ በደረቅ አየርና በነፋስ ግሩም ነው። እርጥበት ባለበትና አየር በማይንቀሳቀስበት ግን እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። የፊት መስታወት መጋረጃ ዳሽቦርዱን ያተርፋል፤ የአየሩን ሙቀት የሚቀንሰው ጥቂት ነው። የመኪናው ቀለም እንኳ የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ካቆሟቸው ሁለት መኪናዎች የብርማው ውስጥ ከጥቁሩ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ተገኝቷል። ጥሩ ነው፤ ግን ዘግቶ ለመሄድ አይበቃም።

እነዚህን ሁሉ እኔ የምጠቀምባቸው እየነዳሁ ሳለሁ ወይም በሩ ተከፍቶ ሳለ ነው። ረዳት ናቸው። ዘዴ አይደሉም።

የሙቀት ማንቂያ

መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሙቀቱን እየለካ ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ አለ። ሁለት ዓይነት ነው። በብሉቱዝ የሚሠራው ርካሽ ነው፤ ግን ጥቂት ሜትር ርቃችሁ ግድግዳ ሲገባ ይቋረጣል። የራሱ ሲም ካርድ ያለው ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ኔትወርክ እስካለ ድረስ የትም ይደርሳል። መግዛት ከሆነ ሁለተኛውን ግዙ። «መሣሪያው ከተቋረጠ እኔን የሚያስጠነቅቅ ነው ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። ዝም ማለቱ «ደህና ነው» ማለት ይሁን «ጠፍቷል» ማለት ካልታወቀ ጥቅም የለውም።

ማንቂያ ራሱ አያቀዘቅዝም። ይህን ለማየት የፖሊስ ውሾችን መኪና መመልከት ይበቃል። ለእነሱ የተሠራው መሣሪያ ሙቀቱ ሲያልፍ ለባለሙያው መልእክት ይልካል፤ በዚያ ግን አያበቃም። መስኮቶቹን ራሱ ያወርዳል፣ ፋን ያስነሳል፣ ጥሩምባ ያስጮኻል። ይህን ሁሉ አሟልተውም የሞቱ የፖሊስ ውሾች አሉ። መሣሪያ ይበላሻል።

በመኝታ መኪና ለሚጓዙ ሰዎች ግን ማንቂያው ግዴታ ነው እላለሁ። እነሱ ኤሲውን የሚያሠሩት ካረፉበት ቦታ ኤሌክትሪክ ስበው ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ፊውዝ ሲመታ ኤሲው ያበቃለታል። መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር ያለው በጣም የተሻለ ነው። ትልቅ መኪና ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ያ ጊዜ ግን የሚጠቅመው ካወቃችሁ ብቻ ነው።

ውሻችሁ ምን ዓይነት ነው?

አንዱ ውሻ የሚችለውን ሌላው አይችለውም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች፣ እነ ቡልዶግ፣ ፈረንሳይ ቡልዶግና ፐግ፣ የማለክለኪያ መንገዳቸው ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የብሪታንያ ጥናት የእንስሳት ሕክምና መዝገቦችን አገላብጦ የተለያዩ ዝርያዎችን ላብራዶር ከሚባለው ዝርያ ጋር አወዳደረ። ፀጉረ ብዙው ዝርያ ቻው ቻው በሙቀት የመታመም ዕድሉ 17 እጥፍ፣ ቡልዶግ 14 እጥፍ፣ ፈረንሳይ ቡልዶግ 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያረጀ፣ የወፈረ፣ የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ውሻም እንዲሁ ነው።

የእናንተ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ከላይ ያልኩትን በሙሉ አጥብቡት። ለእነሱ የማምነው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው፦ አለመተው፣ ወይም ሰው አብሮ መቆየት።

የቱን ልምረጥ?

ሁለት ሰው ካላችሁ ተራ ግቡ፤ አበቃ። ብቻችሁን ሆናችሁ ጉዳዩ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ ውሻውን ቤት አስቀሩት ወይም የሚጠብቅ ሰው ፈልጉ። ብቻችሁን ሆናችሁ መጸዳጃ ቤት ለመግባት ያህል ከሆነ ደግሞ፣ የእንስሳ ማዘዣ ያለውና ባትሪው የሞላ ኤሌክትሪክ መኪና ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ከሌላችሁ ውሻውን አስወርዱት። ገመዱን ይዛችሁ መጸዳጃ ቤት ብትገቡ ሰው ቢያያችሁ ያያችኋል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የምትውሉ ከሆነና አየሩ ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ በር ከፍታችሁ ጥላ ሥሩ፤ ከዓይናችሁም አታርቁት። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ እኔ ነብሮን ከመኪናው አውጥቼ አብሮኝ ዛፍ ሥር አስቀምጠዋለሁ።

የቀረው ሁሉ፣ ማለትም መስኮት ገርበብ ማድረግ፣ በሪሞት ማስነሳት፣ ኤሲውን ቀድሞ አብርዶ አጥፍቶ መሄድ፣ ውሃ በሳህን ትቶ መሄድ፣ በእኔ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ውሃው ለውሻው የግድ ነው፤ ግን የጋለ አየር ውስጥ የተቀመጠን ውሻ ውሃ ብቻውን አያበርደውም።

የሌላ ሰው ውሻ በጋለ መኪና ውስጥ ካያችሁ የመኪናውን ታርጋ ይዛችሁ ባለቤቱን አስጠሩ፣ ወዲያውም ለፖሊስ ደውሉ። መስታወት መስበርን በተመለከተ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ፣ በሩ ተቆልፎ ከሆነና አስቀድሞ ለፖሊስ ወይም ለመሰል አካል ከተነገረ፣ በዚያው መቆየትን ጨምሮ ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎች ተሟልተው፣ እንስሳውን ለማዳን የሰበረ ሰው እንዳይጠየቅ ፈቅዳለች።

ሙቀቱ ከመታው

መጀመሪያ የሚታየው ከወትሮው የበዛ ማለክለክና ወፍራም፣ የሚዝለገለግ ምራቅ ነው። ድዱ ደም ይመስላል፤ ሲብስ ይገረጣል። ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ሰገራው ደም ሊቀላቅል ይችላል። ከዚያ ይወድቃል ወይም ይንቀጠቀጣል።

ወደ ሐኪም ከመሮጥ በፊት እዚያው ማብረድ ጀምሩ። የእንስሳት ሐኪሞች ምክር «መጀመሪያ አብርድ፣ ከዚያ አጓጉዝ» የሚል ነው። ወደ ጥላ አውጡት። መላ ሰውነቱን በውሃ አርሱት፤ ሆዱን፣ ብብቱን፣ እግሮቹን። «ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው ወይስ ለብ ያለ?» እያላችሁ ደቂቃ አታባክኑ፤ ከውሻው የቀዘቀዘ ውሃ ሁሉ ይረዳል። ካርሳችሁት በኋላ አየር ይንካው፤ በፋን፣ በካርቶን፣ በመኪናው ኤሲ። እርጥብ ፎጣ አልብሳችሁ አትተዉት፤ ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን ያፍነዋል። ራሱን ካወቀ ጥቂት ጥቂት ውሃ ይጠጣ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትጨምሩ። ቴርሞሜትር ካላችሁ 39.5 ሲደርስ ማብረዱን አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ከቀጠላችሁ ደግሞ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

ተነስቶ ጭራውን ቢቆላም እንኳ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ኩላሊቱ፣ ጉበቱና የደሙ መርጋት የተጎዳ ከሆነ ምልክቱ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። እየሄዳችሁ ደውሉ፤ እንዲዘጋጁ። ስንት ደቂቃ መኪና ውስጥ እንደቆየ፣ ስትደርሱ እንዴት እንደነበረ፣ መቼ ማብረድ እንደጀመራችሁ ሳትደብቁ ንገሯቸው። እኔ በዚያ ቀን አፍሬ ሐኪም ጋ አልወሰድኩትም። ነብሮ ደህና ሆነ፤ ግን መውሰድ ነበረብኝ።